አባዬ የተሳፈረበት የመብረቅ ባቡር

"ሐዲድ የለውም?" አለ አባዬ።

"የለውም። ድንጋይ ነው ያለው። መስመር ይዞ መሬት ላይ የተደረደረ ድንጋይ። ባቡሩ ከድንጋዩ በላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል።"

"ድንጋዩን አይነካውም?"

"አይነካውም።"

"ታዲያ ፍሬኑ ምኑን ይይዛል?"

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ 320 ገጽ ነው። ስለ ዘንዶ ይነግርሃል። ስለ 12 ጨረቃ ይነግርሃል። ስለ ፍሬን ግን ባገላብጠው ባገላብጠው ምንም አላገኘሁም። አባዬ ደግሞ 33 ዓመት ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን እዚሁ ድሬ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ፍሬን ሲፈታና ሲገጥም ነው ያሳለፈው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት "አስማት ነው" ብለህ አትገላገልም።

የመጀመሪያው ምሽት ጨዋታችን በዚህ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ቆመ። እኔ ግን ደስ አለኝ። አባዬን ወንበሩን አስጠግቶ እንዲከራከር ያደረገ ተረት ከዚያ በፊት አላየሁም።

መጽሐፉ "ኤበሮን፦ ራይዚንግ ፍሮም ዘ ላስት ዋር" ይባላል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የተዘጋጀ ዓለም ነው። ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ከ1974 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ስክሪን አይፈልግም። ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስና 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይበቃል። አንዱ ተረት ያወራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ግን ዝም ብለው አይሰሙም። "እኔ በሩን እሰብረዋለሁ" ይላል አንዱ። "እኔ ደግሞ ጅቡን በሥጋ አታልለዋለሁ" ትላለች ሌላዋ። ተሳካ አልተሳካ ዳይሱ ይወስናል። ተረት አውሪው ዲኤም ይባላል። እኛ ጋ ዲኤሙ እኔ ነኝ። የቀን ሥራዬ ትራንዚተር ነው። በሳምንቱ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ፣ እሑድ ደግሞ ሰው ከዋሻ አስወጣለሁ።

የጨዋታው ሕግ ያለው ሌላ መጽሐፍ ላይ ነው። ይሄኛው የያዘው ዓለሙን ነው። አገሩን፣ ከተማውን፣ ማን ማንን ለምን እንደሚጠላ። አመጣጡም የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 2002 አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት "አዲስ ዓለም ያለው ያምጣ" ብሎ ውድድር አወጣ። ወደ 11,000 ሐሳብ ገባ። ያሸነፈው ኪት ቤከር ነው። የመጀመሪያው የኤበሮን መጽሐፍ በ2004 ወጣ። እኔ የምገመግመው በ2019 መጨረሻ ለአምስተኛው እትም ሕግ የታተመውን ነው። ቤከር ከጄምስ ዋያትና ከጄረሚ ክራውፎርድ ጋር ሆኖ ነው የሠራው።

ሲወጣ ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር። ለአንድ ሰው ኪስ ከበድ ይላል። ስለዚህ አራት ሆነን ዕቁብ ጣልን። የመጀመሪያው ዕጣ ለመጽሐፉ ነው ተባባልን። ካናዳ ያለችው ዘመዳችን ለሠርግ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ፣ በቫይታሚንና በሕፃን ጫማ መሀል ከታው አመጣችልን። ሙያዬ ሆኖ ዲክላራሲዮኑን በሐሳቤ ስሞላ ነበር። የዕቃው ዓይነት፦ መጽሐፍ። ብዛት፦ 1። ይዘት፦ ዘንዶ።

የምንጫወተው ከዚራ፣ አባዬ ቤት በረንዳ ላይ ነው። እሑድ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል። ከዚያ በፊት በድሬ ፀሐይ እንኳን ዘንዶ ሊገደል ዳይስ ለመወርወር ክንድ አይነሳም። አምስት ነን። እኔ፣ አንድ ባለ ባጃጅ ጓደኛዬ፣ ጎረቤታችን ነርሷ፣ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የምትማረው የአክስቴ ልጅ፣ እና ሳይታሰብ አባዬ። አባዬ መጀመሪያ ሽርጡን አሸርጦ፣ ሬዲዮውን ይዞ፣ ጥግ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የመብረቅ ባቡሩን እስኪሰማ ድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሌሎች የዚህ ጨዋታ ዓለሞች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ቤተ መንግሥት፣ ጫካ፣ ፈረስ፣ ማማ ላይ የተቀመጠ ጺማም አስማተኛ። ኤበሮን "አስማት በእርግጥ ቢኖር ሰው ምን ያደርግበት ነበር?" ብሎ ይጀምራል። መልሱም ቀላል ነው። ሥራ ይሠራበት ነበር። መንገድ ላይ መብራት ያበራበታል። መልእክት ይልክበታል። ባቡር ይጎትትበታል። ቲኬት ይቆርጥበታል። የመብረቅ ባቡሩን የሚያስኬደው ከፊቱ ፉርጎ ውስጥ የታሰረ የነፋስ መንፈስ ነው። ግን ከመንፈሱ ኋላ ተሳፋሪ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ "ማዕረግህ ስንተኛ ነው?" የሚል ሠራተኛ አለ።

ይሄ ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። እኛ እኮ ባቡር የወለደን ነን። የጅቡቲው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራውና ወጪው አልሆን ሲል መስመሩ ቆላውን ይዞ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ከተማው በቀለ። ስሙን እንኳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ያሉት። አዲስ አበባ እስኪገባ ገና 14 ዓመት ይቀረው ነበር። ጣቢያ፣ ጋራዥ፣ የጥላ ዛፍ ያለበት መንገድ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ ሰፈርና ገበያው። አባዬ እስከ ዛሬ አለቃን በፈረንሳይኛ "ሼፍ" ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቱን ደግሞ ሲያሻው ምድር ባቡር፣ ሲያሻው ሸሚንደፈር። አንድ ማሽን መጥቶ ከተማ፣ ቋንቋ፣ ደመወዝና ጡረታ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። መጽሐፉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ብቻ መንፈስ አለበት።

ፍጥነቱን ለአባዬ ነገርኩት። በሰዓት 30 ማይል፣ ወደ 48 ኪሎ ሜትር።

"ይሄ ሁሉ መብረቅ ለ48?" አለ። ትንሽ አሰበና "ቢሆንም የእኛ ዳገት ሲወጣ ሰው ወርዶ ውሃ ሽንቱን ሸንቶ ይደርስበት ነበር" ብሎ ማረን።

ባቡሩን የያዘው ኦሪየን የሚባል ቤት ነው። እዚህ ጋ የመጽሐፉ ሁለተኛ ብልሃት ይመጣል። በዚያ ዓለም አንዳንድ ሰው ቆዳው ላይ የዘንዶ ምልክት ይዞ ይወለዳል። ምልክቱ 12 ዓይነት ነው። በዘር ይወርዳል። እያንዳንዱ ምልክት የአንድ ሥራ ችሎታ ይሰጣል። የምልክቱ ባለቤቶች ተሰባስበው ቤት መሠረቱ፣ ሥራውን ጠቅልለው ያዙት። ቤቶቹ ግን 13 ናቸው፤ የጥላ ምልክት ያላቸው ተጣልተው ለሁለት ስለተከፈሉ። ኦሪየን ጉዞውን፣ ካኒት ፋብሪካውን፣ ኩንዳራክ ባንኩን፣ ሊራንዳር በራሪ መርከቡን፣ ጆራስኮ ሕክምናውን፣ ሲቪስ ደብዳቤውንና ማህተሙን ይዘዋል።

ሲቪስን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚያ ዓለም መንገደኛ መታወቂያና የጉዞ ወረቀት ይይዛል። ሐሰተኛ ወረቀት የሚሠራም አለ። አስማተኛ ሆነህ፣ እሳት ከእጅህ እየተፋህ፣ ኬላ ላይ "ወረቀት!" ትባላለህ። የሥራ ቀኔ ተረት ሆኖ ሲመጣ ይኸው ነው። አንድ እሑድ ሙሉ ጨዋታው ድንበር ላይ አንድ ሣጥን ማሳለፍ ብቻ ነበር። አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም። ባለ ባጃጁ መልኩን መለዋወጥ የሚችል ቼንጅሊንግ ነው የሚጫወተው። "ትራፊክ ፖሊስ ሁለተኛ አያውቀኝም" ብሎ ነው የመረጠው። የኬላውን ኃላፊ መልክ ይዞ ገባ። ከዚያ እውነተኛው ኃላፊ ከምሳ ተመለሰ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አልተነሳንም። ቡና ሦስተኛ ደርሶ አለቀ።

ነርሷ በበኩሏ የጆራስኮ ቤት ፈዋሽ ሆነች። ሥራዬን ሠርቼ መጥቼ ደግሞ ሥራዬን ልጫወት ነው ወይ ብላ ነበር። ኋላ የቤቱን ደንብ ሳነብላት ተቆጣች። ጆራስኮ በነፃ አያክምም። ክፍያ ይቀድማል። "ደም እየፈሰሰው ካርድ አውጣ ነው የሚሉት?" አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጸ ባሕሪዋ ከገዛ ቤቷ ተደብቃ፣ ማታ ማታ ታች ሰፈር እየወረደች በነፃ ታክማለች። ይህን መጽሐፉ አላዘዘም፣ እኔም አላሰብኩትም። ግን ንዴቷ እንዲመጣ ያደረገው የመጽሐፉ ደንብ ነው። ጥሩ የጨዋታ ዓለም የምለው ይህን ነው። ክፉ ሰው አቁሞ "ግደሉት" አይልህም። ደሞዝ የምትበላበትን ቤት ይሰጥህና እንዴት ትኖርበታለህ ይልሃል።

የአክስቴ ልጅ አርቲፊሰር ናት። ከዋናው የሕግ መጽሐፍ በኋላ ለአምስተኛው እትም የተጨመረ የመጀመሪያው ሙሉ ሙያ ነው፣ የታተመውም በዚህ መጽሐፍ ነው። አርቲፊሰር አስማቱን የሚሠራው በመሣሪያ ነው። በመፍቻ፣ በመዶሻ፣ በብረት ድስት። ምርጫዋ ላይ አንድም ሰከንድ አላመነታችም። ሕጎቹ መጀመሪያ ላይ ያደናግራሉ፤ እሷ ግን እንደ ፈተና ወረቀት ነው የምታጠናቸው፣ አሁን እኔን ታርመኛለች።

ስለ አባዬ ገጸ ባሕሪ ቆይቼ እመጣለሁ።

ከከተሞቹ ሁሉ ሻርን የራሱ ምዕራፍ አለው። ይገባዋልም። ከተማው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው ያደገው። ግንብ ላይ ግንብ፣ ድልድይ ላይ ድልድይ። ሀብታም ላይ ነው፣ ድሀ ታች ነው፣ ከታችም ታች ፋብሪካው አለ። ታች ያለ ሰው ፀሐይ አያይም። የግንቦቹ መሠረት ደግሞ የጎብሊኖች ነው። በሌላው ጨዋታ ጎብሊን ማለት በጀማሪ ሰይፍ የሚሞት ተባይ ነው። እዚህ ግን ሰው ሳይመጣ በፊት ሺህ ዓመታት የገዛ መንግሥት የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። አሁን በገዛ ድንጋያቸው ላይ የተሠራ ከተማ ውስጥ ታች ሰፈር ይኖራሉ። ይህን ለተጫዋቾቼ ሳስረዳ የሐረርን ጀጎል ነው የጠቀስኩት። ጠባብ መንገድ፣ ግድግዳ ከግድግዳ የተያያዘ ቤት፣ እንግዳ የሚጠፋበት፣ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድበት። ያን ወደ ጎን ሳይሆን ሽቅብ አስቡት አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 2004 ለብቻው የወጣው የሻርን መጽሐፍ የከተማውን ነዋሪ ከ211 ሺህ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ ከተማው ብቻ 233 ሺህ ሰው ነበረው። ማለትም የአህጉሩ ትልቁ፣ የግንቦች ከተማ የተባለው፣ በራሪ ሠረገላ የሚመላለስበት ሻርን፣ ከያኔዋ ድሬ ያንሳል። ባለ ባጃጁ ይህን ሲሰማ ኩራቱ ለአንድ ሳምንት አልበረደለትም። "አቦ! እኔ እኮ ከሻርን በሚበልጥ ከተማ ነው የምነዳው" ይላል ለተሳፋሪው። ተሳፋሪው ሻርን የት እንደሆነ አይጠይቅም።

ቀልዱን ትተን፣ ይህ እውነተኛ ድክመት ነው። ሻርን ያለበት የኮርቬር አህጉር በጣም ሰፊ ነው፣ ሰዉ በጣም ጥቂት። የርቀት ነገር በደንብ ያልታሰበበት ይመስላል። አንዱን ከተማ ከሌላው ለማድረስ ስትሞክር ባቡር የሌለበት መንገድ ላይ ሳምንታት ትበላለህ። እኔ ርቀቱን በግማሽ ቀንሼ ነው የማጫውተው።

ሌላው ስም ነው። ወይ ስም! አምስት መንግሥታት፣ 13 ቤቶች፣ 12 ጨረቃዎች፣ ከዚያ ሌሎች ዓለማት፣ ከዚያ የጥንት አጋንንት። መጽሐፉ ሁሉንም እኩል እየወረወረ ይሄዳል። አንባቢው የቱን ይያዝ የቱን ይጣል የሚለው የለም። ምክሬን ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ የቤቶቹን ክፍልና የሻርንን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ፣ ሌላውን ሲያስፈልግ። እኔ ከፊት ገጽ ጀምሬ እንደ ልብ ወለድ ላነብ ሞክሬ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። የቋንቋውም ነገር አለ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። እያነበብኩ በቃል ነው የምመልሰው። ተጫዋቾቼ ከኔ አፍ ነው የሚሰሙት። አንዳንዱን ስም አባዬ ራሱ ለውጦታል። ኩንዳራክን "ኩንዱራ" ነው የሚለው፣ አሁን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።

ከኮርቬር ውጭ ያሉት አህጉራት ደግሞ ለይስሙላ ተነክተው ታልፈዋል። እዚያ መሄድ የሚፈልግ ብዙውን ራሱ ይፈጥራል። ከኋላ ያለው ለጀማሪ የሚሆን አጭር ጀብዱ አለ፣ ሻርን ውስጥ ነው። አይከፋም። ሁለት እሑድ ይበቃዋል። የጨዋታው ዋና ሕግ በፈረንጆቹ 2024 ስለታደሰ አንዳንድ ቁጥር ማስተካከል ሊኖርባችሁ ይችላል። ዓለሙን ግን አይነካውም።

እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር። "አጋንንት፣ መንፈስ፣ ጥንቆላ። ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?" አለች። እውነቷን ነው፣ ሽፋኑን ያየ ሰው ይህን ያስባል። በሌሎቹ ዓለሞች ደግሞ አማልክት በአካል ይመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይጣላሉ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሆነበት ሰፈር፣ ሁለቱም እምነት ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ አምላክ ሆኜ ማውራት እኔንም አይመቸኝም። ኤበሮን ከዚህ አሳርፎኛል። እዚያ አማልክት ወርደው አይታዩም። ሰው ያምናል፣ ይጠራጠራል፣ ይጸልያል፣ ካህኑም ሊዋሽ ይችላል። አለ የለም የሚለውን መጽሐፉ አይፈርድም። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። "እንደ ሰው ነዋ" ብላ ቡናውን ማፍላት ቀጠለች። አሁን ቅዳሜ ላይ "ነገ ያ ሣጥን ይከፈታል?" ትለኛለች።

ስለ ጦርነቱ ሳልናገር አላልፍም፣ የመጽሐፉ ስም እሱ ነውና። አንድ ንጉሥ ሞተ። አምስት ልጆቹ አምስቱን ግዛት ይዘው ተዋጉ። ከ100 ዓመት በላይ። ከአምስቱ አንዷ ሲሪ የምትባል አገር በአንድ ቀን ጠፋች። ግራጫ ጭጋግ ዋጣት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ፈርተው ታረቁ። ጨዋታው የሚጀምረው ዕርቁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ሲሪን ማን እንዳጠፋት መጽሐፉ አይናገርም። ሆን ብሎ ነው። መልሱን ዲኤሙ ራሱ ይወስናል፣ ወይም ሳይወስን ይተወዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ የመጽሐፉ ትልቁ ብልህነት ነው እላለሁ። ሁሉም "እነሱ ናቸው" ይላል፣ ማንም ማስረጃ የለውም፣ ስለዚህ ሁሉም ይፈራል። እንዲህ ያለ ሰላም ምን እንደሚመስል እኛ ጠረጴዛ ላይ ማንም መግለጫ አልጠየቀኝም።

ከመጀመራችን በፊት፣ ዳይስ ሳይነሳ፣ "እዚህ ጨዋታ ውስጥ ምን እንዳይመጣ ትፈልጋላችሁ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ደንብ ነው፣ ሁሉም ዲኤም ሊያደርገው ይገባል። አንዳችን "የተፈናቃይ ካምፕ ውስጥ አንግባ" አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። የሲሪ ተፈናቃዮች በመጽሐፉ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። እኔ ገጹን አጠፍኩት፣ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም።

እንግዲህ አባዬ። ዋርፎርጅድ ነው የሚጫወተው። ዋርፎርጅድ የሚባሉት ለጦርነቱ በፋብሪካ የተሠሩ፣ ከእንጨትና ከብረት የተገጠሙ፣ ግን የሚያስቡና የሚያዝኑ ፍጡሮች ናቸው። የሠራቸው ካኒት ቤት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የዕርቁ ውል ነፃ አወጣቸው፣ የሚሠሩበት ምድጃም እንዲፈርስ ተወሰነ። ነፃ ናችሁ ተባሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ሂዱ ነው።

አባዬ ይህን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።

"አይበሉም?"

"አይበሉም። አይተኙም።"

"ደመወዛቸውን ታዲያ ምን ያደርጉታል?"

"ድሮ ደመወዝ አልነበራቸውም አባዬ። ዕቃ ነበሩ።"

ዝም አለ። "የመጀመሪያው ስንት ዓመቱ ነው?" አለ ቆይቶ። አሰላሁለት። የሚያስቡት ዋርፎርጅዶች መሠራት ከጀመሩ በዚያ ዓለም አቆጣጠር 33 ዓመት ነው። "ልክ የኔ አገልግሎት" አለና ወረቀቱን ተቀበለኝ። ስሙን ፒስቶን አለው። መሣሪያውን ሊሞላ ሲደርስ ሰይፍ አልፈልግም አለ። የሐዲድ መፍቻ ይጻፍልኝ አለ። ሐዲድ የለም ብለው ሊሰማኝ ነው? ጻፍኩለት። ጉዳቱን እንደ መዶሻ ነው የምቆጥረው።

ፒስቶን እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው የመታው፣ እሱንም በስህተት። ሌላው ጊዜ የሚሠራው ምርመራ ነው። የመብረቅ ባቡር በተሳፈርን ቁጥር ወርዶ ድንጋዮቹን ያያል። ባለ ባጃጁ "ጋሼ፣ ባቡሩ ሊሄድ ነው!" ይለዋል። የድሬ ልጅ አንቱታ ላይ ብዙም አይደለም፣ አባዬም አይፈልገውም። "ይጠብቅ፣ ሳይታይ አይሄድም" ይላል። አንድ ጊዜ በዚህ የተነሳ ሽፍቶች ያጠመዱት ድንጋይ ተገኝቷል። ለመሸለም ብዬ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ እንዳትነግሩት።

ይህን መጽሐፍ ማን ይግዛ? ጨዋታውን አንድ ሁለት ጊዜ ያየ፣ ሕጉን ትንሽም ቢሆን የያዘ ቡድን ይግዛ። ብቻውን ለሚያነብ ሰው ከበድ ይለዋል። ሰይፍና ዋሻ ብቻ ለሚወድ ደግሞ ገንዘቡ ባይባክን ይሻላል፣ ቀለል ያሉ ሌሎች አሉ። ሥራ ቦታ፣ ደላላ፣ ኬላ፣ ማህተምና ሐሜት ለሚገባው ሰው ግን፣ ይህ ማለት እኛ አገር ማን ይቀራል፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከአሥር ስምንት። ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ለስሞቹ፣ አንዱን ለርቀቱ።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። ሲሪ በጠፋች ቀን የመብረቅ ባቡሩ መስመርም መሀሉ ላይ ተቆርጧል። ምሥራቁና ምዕራቡ አይገናኙም። ጭጋጉ ውስጥ ድንጋዮቹ ባሉበት ቀርተዋል፣ ባቡር ግን አይሄድባቸውም። ኦሪየን ቤት መስመሩ መጠገን ይችል እንደሆነ የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። ማንም ጤነኛ ሰው አይገባም። ይህን ካርታ ላይ ሳሳያቸው ልጆቹ ፈሩ። ነርሷ "ክፍያው ስንት ነው?" አለች። አባዬ ግን ካርታውን ወደ ራሱ ጎተተው። አሮጌው መስመራችን ከቆመ ወዲህ ብዙ ጠዋት ወደ ጣቢያው በኩል ነው የሚንሸራሸረው። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ እዚያ አንድ ጊዜ ወስጄው "ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው" ብሎ ሌላ አልጨመረም።

"በእግር እንሄዳለን" አለ ፒስቶን። "ከዚህኛው ጫፍ ጀምረን፣ አንድ በአንድ እያየን።"

የፊታችን እሑድ እንገባለን። አባዬ ከአሁኑ ደብተር ገዝቷል። ትናንት ማታ ስልክ ደውሎ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ድንጋይ እንዳለ ጠየቀኝ። እስከ እሑድ ፈልጌ ማግኘት አለብኝ።